ጋሼ ዙሩና ያለ ዙሩ የተደወለው ደወል

የሐዘናችን ተካፋይ ለመሆን ሥራችሁንና ቤታችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሰናበታቸው ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ ዙሩ እያልን የኖርነው፣ በቶርኖ ማሽን ብረት ይቀርጹ የነበሩት ባለሙያ፣ ዜና ሕይወታቸው ሲነበብ ሙገሳ እንዳይበዛበት፣ አንድ ነገር ግን ሳይሸፋፈን በአደባባይ እንዲነገር፣ አንደበታቸው ሳይታሰር ለቤተሰቡ አደራ ብለዋል። አንባቢው የታናሽ እህታቸው ልጅ ነው፤ የሚያነበውም እንደታዘዘው ነው። ንባቡ ቅር የሚያሰኘው ቢኖር ቅሬታውን ለነገ አቆይቶ ለዛሬ ጆሮውን ብቻ ይስጠን።

ጋሼ ዙሩ ከአናጢ አባታቸውና ልብስ እየሰፉ ቤቱን ከሚደጉሙት እናታቸው፣ የበኩር ልጅ ሆነው፣ ከስፖርት ሜዳው አጥር ጋር በተያያዘች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። በልጅነታቸው ሯጭ ለመሆን ይመኙ ነበር፤ ይሁን እንጂ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ እሳቸው አባታቸው ይሠሩት ከነበረ ጣሪያ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ስለተሰበረና አጥንቱም ተጣሞ ስለገጠመ፣ ከዚያ ወዲህ ሩጫን በዓይናቸው ብቻ የሚያውቁ ሰው ሆኑ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ሯጮቹ ሜዳውን ስንት ጊዜ እንደዞሩ ጮክ ብለው ይቆጥሩ ስለነበር፣ አሠልጣኞቹ ሳይቀሩ ቁጥር ሲጠፋባቸው ወደ አጥሩ ዞር ብለው መጠየቅ ጀመሩ፤ ዙሩ የሚለው ስም የወጣላቸውም ያን ጊዜ ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ከቤተሰቡ ውጭ የሚያስታውሰው ማን እንደሆነ እንጃ።

ትምህርታቸውን በቴክኒክ ትምህርት ቤት እንዳጠናቀቁ የውኃ ፓምፕ በሚጠግን ጋራዥ ተቀጥረው፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ፣ ወለሉ በዘይት በጠቆረ፣ መስኮቱ በብረት ብናኝ በተጋረደ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ቶርኖ ፊት ቆመው እስከ ጡረታቸው ሠርተዋል። ለሥራቸው ጥንቁቅ ነበሩ፤ ቀልድም ያውቁ ነበር። ተለማማጅ ብረት አበላሽቶ ሲያመጣላቸው አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ “ግሩም ነው፤ ፓምፑ ባይፈልገው በር ማቆሚያ ይወጣዋል” ይሉ ነበር እንጂ በማንም ላይ አልጮኹም። ከውድ ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በሥራ ምክንያት ነው። ዓይናቸው ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ገብቶ ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ፣ ብረቱ ወጣላቸው፤ ዓይናቸው ግን ካርድ ክፍል ቀረ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛም እሺ ብለው፣ በሕግ ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

እንዲህ ሲኖሩ ሜዳውን አልተለዩም። በየሳምንቱ መጨረሻ የሥራ ቱታቸውን አውልቀው የዙር ቆጣሪ ዳኛ ይሆኑ ነበር። የሚቆጥሩበት ዘዴ የራሳቸው ነበር፤ ከጋራዡ ሮንዴላ፣ ማለት ከብሎን ሥር የምትገባዋን ባለ ቀዳዳ ክብ ብረት፣ ከሚሮጠው ዙር አንድ አጉድለው በቀኝ ኪሳቸው ይይዙና መሪው ሯጭ ባለፈ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪስ ያዛውራሉ። የቀኙ ኪስ ባዶ ሲሆን የመጨረሻው ዙር ደረሰ ማለት ነውና ደወሉን ይደውላሉ። እጄ ከዓይኔ ይሻላል፣ ዓይን በሩጫው ይወሰዳል፣ ይሉ ነበር። በዚህ ዘዴ ከጎልማሳነት እስከ ሽበት አንድ ጊዜ እንኳ ባለመሳሳታቸው፣ የዙር ቁጥር ሰሌዳ የሚገለብጡት ዳኞች የራሳቸውን ቆጠራ ትተው የእሳቸውን እጅ ማየት ለመዱ።

በዚያ ሜዳ ከሚሠለጥኑት ወጣቶች መካከል የጎረቤታቸው የጫማ ሰፊው ልጅ ትገኝ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትሮጥ ግን ሰው ሥራ የሚያስፈታ አሯሯጥ ነበራት። ይህች ልጅ አንድ ችግር ነበረባት፤ እየሮጠች ዙር ትቆጥራለች፣ ቁጥሩ ያስጨንቃታል፣ ሲያስጨንቃት ትከሻዋ ይጠነክራል። ጋሼ ዙሩ ይህን ስላዩ አንድ ቀን ጠርተው፣ “ልጄ፣ አንቺ ሩጪ፤ መቁጠሩን ለኔ ተይው” አሏት። ተወችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደወል እስክትሰማ በዝግታ የምትጠብቅ፣ ደወል ስትሰማ ያላትን ሁሉ የምታወጣ ሯጭ ሆነች፤ በአገር ውስጥ የሚስተካከላት ጠፋ።

ከዚያ ከተማችን ዓለም አቀፉን የወጣቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና የማስተናገድ ዕድል ደረሳት። መንገዱ ተጠገነ፣ የሩጫው መም በአዲስ ተነጠፈ፣ ከየአገሩ ከሃያ ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች አሠልጣኞቻቸውን አስከትለው ገቡ። ለጋሼ ዙሩ አዲስ ኮት ተሰጣቸው፤ ደወሉም ለእሳቸው ተሰጠ። የጫማ ሰፊው ልጅ በአምስት ሺህ ሜትር እንደምታሸንፍ ያልተነበየ አልነበረም፤ ሰፈሩም፣ ማለት እናንተ፣ ትሪቡኑን ሞልታችሁ ነበር።

እንግዲህ አደራ ያሉን ነገር ይህ ነው። በውድድሩ ቀን ጠዋት ጋሼ ዙሩ ጋራዥ ገብተው፣ ለትልቅ ቀን አዲስ ይገባል በማለት፣ በሥራ ብዛት የለሰለሱትን አሮጌ ሮንዴላዎቻቸውን ትተው ካልተከፈተ ካርቶን አዳዲሶቹን ወሰዱ። አዲስ ሮንዴላ እንዳይዝግ ግራሶ ተቀብቶ ነው የሚመጣው። በጨርቅ ጠራረጓቸው፣ ቆጠሯቸው፣ ልክ ነበሩ። ነገር ግን ሩጫው እየጋለ ሄዶ የሕዝቡ ጩኸት ሜዳውን ሲያናውጠው፣ በግራሶ የተጣበቁ ሁለት ሮንዴላዎች እንደ አንድ ሆነው ከቀኝ ወደ ግራ ኪስ አለፉ። ኪሱ አንድ ዙር ቀድሞ ባዶ ሆነ። ጋሼ ዙሩም ደወሉን ደወሉ፤ ሰሌዳ ገልባጩ ደግሞ፣ እሳቸው አይሳሳቱም ብሎ፣ ሰሌዳውን ከደወሉ ጋር አስማማ።

ልጅቷ ያላትን ሁሉ አወጣች። ሌሎቹን ጥላ፣ መስመሩን አልፋ፣ እጆቿን ዘርግታ ቆመች፤ ከዚያም መሙ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። የእንግዶቹ አሠልጣኞች ግን ሰዓት በእጃቸው ይዘው የሚቆጥሩ ነበሩና፣ ከትሪቡኑ ጣታቸውን እየቀሰሩ ሯጮቻቸውን አንድ ዙር ይቀራል እያሉ ነዷቸው። የእኛ አሠልጣኝ በደስታ እየዘለለ ነበር። ልጅቷ የሌሎቹን ኮቴ በጆሮዋ አጠገብ ሲያልፍ ሰምታ ቀና አለች፣ ሕዝቡን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ መጨረሻ ላይ ጋሼ ዙሩን አየች። ስትነሣ እግሮቿ አልታዘዟትም። ዙሩን በእርምጃ ጨርሳ ከሁሉም በኋላ ገባች፤ ትሪቡኑም ሳቀባት።

ጋሼ ዙሩ እጃቸውን ግራ ኪሳቸው ከትተው የተጣበቁትን ሁለቱን ሲዳብሱ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ዋናው ዳኛ ሄዱና ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። ይግባኝ ሰሚዎቹ ተሰብስበው፣ ሌሎቹ ርቀቱን በትክክል ስለ ጨረሱ ውጤቱ እንዲጸና ወሰኑ። በማግስቱ ራዲዮኑ አትሌቷ ቸኩላ ቆመች አለ። ችኩሏ የሚለው ስም የወጣላት ያን ዕለት ነው፤ ያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ያልጠራት ግን የለም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቤተሰቡ በምሬት ነው የሚያስታውሰው። ጋሼ ዙሩ በካፌው፣ በጸጉር ቤቱ፣ በአውቶቡስ ፌርማታው፣ ሰው በተገኘበት ሁሉ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብለው ተናገሩ። የተሰጣቸው መልስ ምን ነበር? “ጋሼ ደግ ሰው ናቸው እኮ፤ የልጅቷን ኀፍረት በራሳቸው ወሰዱላት” የሚል። ደወሉ ተሳስቶ ቢሆን ሌሎቹስ ለምን አልቆሙም የሚል ሊቅም በየጠረጴዛው አይታጣም ነበር። ራዲዮ ጣቢያ ድረስ ሄደው ሮንዴላዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቢያስረዱ፣ ጋዜጠኛው እንዲህ ያለ ትሕትና በዘመናችን ብርቅ ነው ብሎ ዝግጅቱን ዘጋ። የዳኞች ማኅበር የምስጉን ዳኛ ሽልማት አዘጋጀላቸው፤ አልቀበልም ሲሉ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራው እሳቸውን ሆነ፤ የሌላውን ጥፋት ይሸከማሉ ተብሎ። ባለቤታቸው ቢቸግራቸው፣ “አንተ በተናገርክ ቁጥር እኮ የሚያምረው ያንተ ስም ነው፤ እባክህ ለልጅቷ ስትል ዝም በል” አሏቸው። ዝም ሲሉ ደግሞ ዝምታቸውም ተመሰገነ።

ልጅቷ ሜዳ ተመልሳ አልገባችም። አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት መሸጥ ጀመረች፤ በመስኮቱ በኩል ትኬት የሚገዛው ሁሉ፣ አውቶቡሱ ሳይቆም እንዳትወርጂ፣ አንድ ዙር ይቀርሻል፣ እያለ ሲቀልድባት ሥራውን ትታ ሰው ወደማያያት ቦታ፣ ወደ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች። አባቷ ጫማ ሰፊው ይህን እያዩ አረፉ። ብዙ ዓመት አለፈ፤ የልጅነት መልኳ ጠፋ፣ ስሟ ግን አልለቀቃትም።

ጋሼ ዙሩ ጡረታ በወጡ ሰሞን የማጠቢያ ክፍሉ መጭመቂያ ማሽን የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቶ ሲጮህ፣ የሚያውቅ ይምጣ ተብሎ እሳቸው ተጠሩ። እንፋሎት በሞላው፣ የነጭ አንሶላ ክምር ጣሪያ በነካበት ክፍል ውስጥ፣ ከማሽኑ ማዶና ማዶ ቆመው ከልጅቷ ጋር ተያዩ። እሳቸው ይቅርታ ለመለመን አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው። “ጋሼ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ሁለት ዙር እንደሚቀረኝ አውቅ ነበር። መቁጠር አልተውኩም፤ ደብቄዎት ነው። ደወሉን ስሰማ ግን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። እርስዎ አይሳሳቱማ።” ጋሼ ዙሩ የያዙት መፍቻ ከእጃቸው ወደቀ። ማንሣት አቅቷቸው አነሣችላቸው። “እርስዎን ዱሮ ይቅር ብያለሁ፤ እኔን ይቅር ያላለኝ ሰፈሩ ነው” ብላ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። ያን ቀን ቤት ሲገቡ ራት አልበሉም፤ ከዚያም በኋላ ይህን ነገር ሳያነሡ ያለፉት ቀን ብዙ አይደለም።

በመጨረሻ የሆድ ሕመም ጸናባቸው። ሐኪሞች በሽታው ሥር ሰድዷል ብለው ሲያስተኟቸው፣ አንሶላቸውን ራሷ እየያዘች የምትመጣው፣ የምትቀይርላቸውም የጫማ ሰፊው ልጅ ነበረች። ትራሳቸውን አስተካክላ ጥቂት ትቀመጣለች፤ ብዙም አያወሩም ነበር። ሕመሙ በበረታባቸው ጊዜ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ በሕይወት እያለሁ ያላመነኝ ሰው ሬሳዬ ፊት ቆሞ ዋሸህ አይለኝምና ቀብሬ ላይ አንብቡት አሉ። ከዚያም ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ጋሼ ዙሩ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ታናሽ እህታቸውንና በእጃቸው ሙያ ያስተማሯቸውን ብዙ ወጣቶች ትተውልን ሄደዋል። የጫማ ሰፊው ልጅ በመካከላችን የለችም። ትናንት ሬሳው ቤት ሲገባ መጥታ ስታለቅስ አምሽታ ነበር፤ በቀብሩ ላይ ከቤተሰቡ ጋር እንድትቆም ባለቤታቸው ቢለምኗት እንቢ አለች። “እኔን ሲያዩ ይስቃሉ፤ በጋሼ ቀብር ላይ ሳቅ እንዳይሰማ ብዬ ነው” አለች።

የፈጠራቸው አምላክ ድካማቸውን ቆጥሮ፣ ስሕተታቸውን ሽሮ፣ ነፍሳቸውን በሰላም ማደሪያ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። የእሳቸው ነፍስ በፈጣሪ እጅ ናት። የጫማ ሰፊው ልጅ ግን ነገ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትሄድ በእናንተ ደጅ ነው የምታልፈው።