ከጥፍር ማሽኑ ጀርባ የነበረው የብረት ችካል

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ሙሉ ስም፦ እታገኝ ዳኜ ወልደጻድቅ
ዕድሜ፦ 16
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል ጨርሳ ያቋረጠች
ሥራ፦ በወ/ሪት ገሊላ መርስዔ ኃዘን የፀጉር ሳሎን ተቀጣሪ
አድራሻ፦ ሞላሌ ዙሪያ፣ ጥድ አምባ ጎጥ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ነሐሴ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40
ጉዳዩ፦ የሟች አመተሥላሴ ቴዎፍሎስ አሟሟት
አብሯት የቀረበ አሳዳጊ፦ አባቷ አቶ ዳኜ ወልደጻድቅ (ቃሉ እስኪነበብ ድረስ ከክፍሉ ውጭ እንዲጠብቁ ተደርጓል)

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር፣ ነሐሴ 16 ቀን ስለሞተችው ስለ አመተሥላሴ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣም ተነግሮኝ፣ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ። በዚህ ጉዳይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋሼ ወንድምአገኝ ከሐሙስ ጀምሮ ታስረዋል። የታሰሩት ለማሽኑ የመሬት ሽቦ ሳያስሩ ቀርተው ነው ሰው የሞተው ተብሎ ነው። እሳቸው ግን አስረው ነበር። ሽቦው የታሰረበት ብረት የት እንደ ገባ የማውቀው እኔ ስለሆንሁ ሳልጠራ መጥቻለሁ።

ከእትዬ ገሊላ ዘንድ የተቀጠርሁት ባለፈው ጥቅምት ወር ነው። ሥራዬ አርቴፊሻል ጥፍር የሚሸጠውን ማሽን መጠበቅና ማሰናዳት ነው። ማሽኑ ከተጣለ ፍሪጅ የተሠራ ነው። እትዬ ገሊላ ቤይሩት ሳሉ ያነሱትን ፎቶ ለጋሼ ወንድምአገኝ አሳይተው፣ እሳቸው በሩን በመስታወት ቀይረው፣ ውስጡን በሽቦ ጥምዝ ሞልተው፣ ሞተርና መብራት አስገብተው ሠሩላቸው። የቆመው ከሳሎኑ ውጭ፣ መንገድ ዳር፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ነው። ገዢዋ ከሳሎኑ እንደ ሳንቲም ያለች ቁራጭ ናስ ትቀበላለች። ናሷን ከትታ ቁጥሯን ስትጫን ጥምዙ ይዞርና ለእሷ የተዘጋጀው ፖስታ ይወድቃል። ከዚያ የማሽኑን በር በብረት መያዣው ስባ ከፍታ ታወጣዋለች።

ጥፍሩ ለእያንዳንዷ በልኳ የሚዘጋጅ ነው። ልክ የምወስደው በሰም ነው። ሰሙን የምገዛው ከመንገዱ ማዶ ጧፍ ከሚሸጡት ከእማሆይ አማከለች ነው። በትሪ ላይ አለስልሼ ስዘረጋው ልጅቷ አሥር ጣቷን ትጫንበታለች፤ እኔም ጥፍሩን በዚያ ልክ እሞርዳለሁ። ብዙዎቹን በፊታቸው አላውቃቸውም፤ እጃቸውን ግን አውቃለሁ። ሰው ቀና ብዬ ማየት አይሆንልኝም። ሥራውን የወደድሁት መናገር ስለማይጠይቅ ነው።

በየጠዋቱ 1፡30 እገባለሁ። ሌሊት ጭጋግ ስለሚያድር መስታወቱን እወለውላለሁ፣ ጥምዙን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት እቀባለሁ። እርጥበቱን እንዲጠጣ ብዬ ጨው በጨርቅ ቋጥሬ ውስጡ አስቀምጣለሁ፣ ሲረጥብም እቀይረዋለሁ። ከጥፍሩ ጋር የሚገባው ማስቲሽ በብርድ ስለሚደርቅ ከመክተቴ በፊት በብብቴ አሞቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ማንም አላዘዘኝም፤ ማሽኑን እያየሁ ራሴ የደረስሁበት ነው።

ጋሼ ወንድምአገኝ ማሽኑን ባቆሙ ቀን ከጀርባው አረንጓዴ ሽቦ አውጥተው፣ ክንድ ተኩል የሚሆን የብረት ችካል መሬት ውስጥ በመዶሻ ቀብረው፣ ሽቦውን አናቱ ላይ ጠምጥመው አሰሩ። አናቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ይወጣ ነበር። እኔን ጠርተው «ይህን ችካል ማንም እንዳይነካው። ማሽኑ ሲቆጣ ቁጣውን መሬት ይውጥለታል» አሉኝ። እሺ አልሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ሲታሰር ሌላ ሰው አላየም፤ እትዬ ገሊላ ለዕቃ ግዥ ደብረ ብርሃን ሄደው ነበር።

ሐምሌ 27 ቀን የገበያ ዕለት ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ግድም አባቴ በግ እየጎተተ ወደ ሳሎኑ መጣ። በጉን ሊሸጥ ያሰበው ለመስከረም እኔን 7ኛ ክፍል ለማስገባት ነው። የፍልሰታ ጾም ሊገባ አራት ቀን ስለቀረው በግ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። አባቴ ወፍጮ ቤት ያስቀመጠውን እህል ሊያይ ፈልጎ በጉን የሚያስርበት ሲያጣ ችካሉን አየው። «እታ፣ ይቺ ችካል የማን ናት?» አለኝ። የማሽኑ ናት አልሁት። «ማሽን ደግሞ ችካል ምን ያደርግለታል? ይጠፋል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሰልፍ የያዙት ልጆችም ሳቁ። አባቴ ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ሲጫወት አይቼው ስለማላውቅ ደስ አለኝ። አይነካም ተብሏል ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ሲያዩ ግን አንገቴን ደፋሁ። በጉን አስሮ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ አይሱዙ ጡሩምባ ሲነፋ በጉ ደንብሮ ዘለለ። መሬቱ በዝናብ ርሶ ስለነበር ችካሉ ተነቀለ፤ ሽቦውም ከአናቱ ተላቀቀ። ከወፍጮ ቤት ሲመለስ የነበረው አባቴ ሮጦ በጉን ያዘው። ያን ጊዜ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ችካሉ በገመዱ ጫፍ እንደ ታሰረ ትከሻው ላይ ጣለና «ለሚቀጥለው ገበያ እመልስላችኋለሁ» ብሎኝ ወደ ቤት ነዳው። በሚቀጥለው ገበያ አልመጣም፤ ጾም ስለነበር በግ የሚያመጣበት ምክንያት አልነበረውም። እኔ ሳሎኑ ጓሮ ስለማድር በሳምንት አንድ ቀን ነው ቤቴ የምሄደው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ችካሉን ደጃፍ ላይ አይቼዋለሁ። አልጠየቅሁትም።

ሐምሌ 29 ቀን ጠዋት መስታወቱን ስወለውል የብረቱ መያዣ እጄን ነዘረኝ። ከጣቴ እስከ ክርኔ ደነዘዘኝ። ለእትዬ ገሊላ ነገርኋቸው። ወዲያው ለጋሼ ወንድምአገኝ ደወሉላቸው። እሳቸው ዓለም ከተማ ለሥራ ሄደው ስለነበር ጾሙ ሲፈታ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ንቀሉት አሏቸው። ይህን የሰማሁት ስልኩ ድምፁን ጮክ ስለሚያደርግ ነው። እትዬ ገሊላ ግን አልነቀሉትም፤ ለእኔ የላስቲክ ቦቲ ገዝተው «ይኸው፣ አሁን አይነካሽም» አሉኝ። እውነትም ቦቲውን ካደረግሁ ወዲህ ነዝሮኝ አያውቅም።

ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ገባ። በዚያው ቀን ፖስታዋን ልታወጣ የመጣች ልጅ መያዣውን ስትነካ ጮኸች። «ቆነጠጠኝ!» አለች። በማግስቱም ሌላዋን ነዘራት። እማሆይ አማከለች ከማዶ ሆነው «እመቤታችን ናት! በሱባኤ ጥፍር ለምትሸምት ቁንጥጫ ሲያንሳት ነው» አሉ። ጫማ የሚጠርጉት ጎረምሶችም ቀልድ አደረጉት፤ የምትመጣዋን ሁሉ «ነይ፣ ንስሓ አባትሽ እየጠበቁሽ ነው» ይሏት ነበር። በሳምንቱ ወሬው ከተማውን ሞላው። በጾም ለጥፍር የሚመጣ ሰው ጠፋ። እትዬ ገሊላ ራሳቸው «ጾሙ ይለፍ ብቻ» ማለት ጀመሩ።

እኔን የነዘረኝ ግን ጾሙ ሳይገባ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ይህን ቀን እኔና እትዬ ገሊላ እናውቃለን። እሳቸው ረስተውት ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም። ችካሉ ከተነቀለ በኋላ መሆኑንም አውቅ ነበር። እማሆይ ሲናገሩ ግን እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። የእመቤታችን ቁጣ ከሆነ የአባቴ ጥፋት አይሆንም ብዬ አሰብሁ። ማታ ማታ ስጸልይም እንደዚያው እንዲሆን እለምን ነበር። አሥራ አምስቱንም ቀን በዚህ ሐሳብ ነው የቆየሁት።

አመተሥላሴን የማውቃት ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። ዕድሜዋ ሃያ ነው። ሱፍ ፈትላ፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ትሸጣለች። ክሩ ስለበላው የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ግማሽ ብቻ ነበር፤ የእሷን ከሌሎቹ በተለየ አጥልቄ ነው የምሞርደው። እጇን ሰም ላይ አስቀምጣ «አንቺ ዝምተኛ፣ ከእኔ ጥፍርና ከአንቺ ምላስ የትኛው ያጥራል?» ትለኝ ነበር። ከተማ ውስጥ መልስ እስክሰጣት የምትጠብቀኝ እሷ ብቻ ነበረች። ነሐሴ 19 ቀን ቀለበት ልታስር ስለነበር ጥፍሩን በሐምሌ አዝዛ፣ ጾሙ ሲፈታ እወስዳለሁ ብላ አቆይታው ነበር። ፖስታዋን ቁጥር 9 ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 16 ቀን ከሌሊት ጀምሮ ዘንቦ ነበር። ክፈፉ ያፈስ ስለነበር ማሽኑ ሥር ውሃ ቆሟል። ጠዋት ስወለውል መያዣውን ደጋግሜ ነካሁት። አልነዘረኝም። እጄን ዘርግቼ ጨበጥሁት፤ አሁንም ምንም የለም። ተፈታ ብዬ ማተቤን ሳምሁ። ቦቲ ማድረጌ ትዝ አላለኝም። ትዝ ብሎኝ ዝም ብዬም ይሆናል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋግሜ አስቤው ለይቼ መናገር አልቻልሁም።

ከቀኑ 5፡30 ሲሆን አመተሥላሴ ከቤተ ክርስቲያን መጣች። ነጠላዋ ርሷል። ጭቃው እንዳያበላሸው ብላ አዲሱን ጫማዋን አውልቃ በግራ እጇ ይዛዋለች። ናሷን ከትታ ቁጥር 9ን ተጫነች፤ ፖስታው ወደቀ። መያዣውን ልትስብ ስትል እጇን መለሰችና ወደ እኔ ዞራ «እታ፣ ዛሬስ ይቆነጥጣል?» አለችኝ። እኔ ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። እግሯን አይቻለሁ፤ ባዶ ነበር። «ጾሙ እኮ ተፈታ» አልኋት። «ውይ፣ ተናገረች!» ብላ ሳቀችና መያዣውን ያዘች።

አልጮኸችም። ጫማዋ ከእጇ ወደቀ። መያዣውን መልቀቅ አቅቷት ቆማ ተንቀጠቀጠች። እማሆይ አማከለች ከማዶ «በስመ አብ! አትንኳት!» ብለው ጮኹ። ገመዱን መንቀል እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ሶኬቱ ሳሎኑ ውስጥ ነው። ስሮጥ ቦቲው ጭቃ ላይ አዳለጠኝና ወደቅሁ። ተነሥቼ ስደርስ እትዬ ገሊላ ነቅለውት ነበር። ሰዎች በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ከ6 ሰዓት በፊት ሞታለች ተባለ። ፖስታው እስከ አሁን ማሽኑ ውስጥ ነው።

በዚያው ዕለት ፖሊስ መጥቶ አረንጓዴው ሽቦ ከምንም ሳይታሰር ተንጠልጥሎ አገኘው። ጋሼ ወንድምአገኝ ከዓለም ከተማ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። «በእጄ የቀበርሁት ችካል አለ፣ ቆፍሩ!» ብለው ሰውየው ራሳቸው መሬቱን በእጃቸው ይቆፍሩ ጀመር። ምንም አልተገኘም። በካቴና ሲወስዷቸው እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ አንቺ አይተሻል» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ አባቴ ስለሆነ ነው። እናቴ የለችም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ብረቱ ምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር፤ እኔ አልነገርሁትም። እንዲነካ የተፈቀደለት በእኔ ዝምታ ነው። አመተሥላሴ የሞተችው ደግሞ በተናገርሁት ነው። ትናንት ቤት ሄጄ አደርሁ፤ ዛሬ ጠዋት አባቴን ምስክርነት ልሰጥ ነው ስለው ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ብቻዬን እንዳልሄድ ብሎ ተከተለኝ። ምን እንደምናገር አያውቅም።

ችካሉ አሁን የት እንደሚገኝ ተጠይቄ፣ ጥድ አምባ ቤታችን ደጃፍ ላይ ነው። በጉ ታስሮበታል። አልተሸጠም።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ነው። የተጻፈው ተነቦልኝ ያልሁት ሳይጨመር ሳይቀነስ መሆኑን ሰምቼ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ እታገኝ ዳኜ

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ቃሉ ከጠዋቱ 4፡50 የምስክሯ አባት አቶ ዳኜ ባሉበት ድጋሚ ተነቧል። ሲጠየቁ «እውነቷን ነው» ብለዋል። ቀጥለውም «መንገዱ ጭቃ ነው፤ እሷ አትልፋ፣ ችካሉን እኔው ሄጄ ላምጣው» ሲሉ ከጣቢያው መውጣት እንደማይችሉ ተነግሯቸዋል። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ የቀኝ አውራ ጣታቸውን አሻራ አኑረዋል። ችካሉን በኤግዚቢትነት ለማምጣት ምስክሯ ከአንድ የፖሊስ አባል ጋር በ5፡10 ወጥታለች።

የአሳዳጊ አሻራ፦ ዳኜ ወልደጻድቅ
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ኃይለመስቀል አትናቴዎስ፣ ፊርማ