ግማሽ ጥጥ፣ ግማሽ ሱፍ

የሬዲዮ ማሰራጫ ምሰሶ ጠጋኞች አለቃ ከልብስ ሱቅ ሲወጡ ከምትገባ ሴት ጋር በሩ ላይ ተላተሙ። «ይቅርታ የኔ እመቤት» ሊሉ ቀና ቢሉ የእህታቸው ልጅ ናት። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨርቅ ጥራት መርማሪ ሆና ከተቀጠረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ሰላምታውን ሳትጨርስ ዓይኗ አጎቷ ወደ ያዙት ከረጢት ሄደ።

«ጋሼ፣ ምን ገዙ?»

«ወፍራም የጥጥ ካናቴራ፣ ሁለት። ሐሙስ ተራራ እወጣለሁ።»

«ሁለቱንም ደርበው ሊለብሱ?»

«ታዲያ አንዱን ለጎረቤት ልሰጥልሽ ነው?»

እዚህ ላይ የአለቃን ጭንቀት ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ከተራራው እየተንቀጠቀጡ ወርደው ሁለት ጊዜ በሳንባ ምች ተኝተዋል። የበላያቸው የሆነው የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስም ቁርጡን ነግሯቸዋል። «አባቴ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ብርድ መትቶዎት ከወረዱ ከዚያ በኋላ ሥራዎ ዕቃ ቤት ነው» ብሏቸዋል። ዕቃ ቤት! ሠላሳ ዓመት ደመና ላይ ቆሞ ብሎን ያጠበቀ ሰው መስኮት በሌለው ክፍል ባልዲና መጥረጊያ ሊያስረክብ! አለቃ ይህን ሲያስቡ እንባ እንባ ይላቸው ነበር። መፍትሔ የሚመስላቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሌላ ካናቴራ መደረብ።

ልጅቱ እጃቸውን ይዛ ሱቁ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልናገር። የሚያሳምምዎ ካናቴራው ነው።»

«ወይ ጉድ! ልብስ ሰው ሲያሳምም የሰማሁት ዛሬ ነው።»

«ሽቅብ ሲወጡ ያልብዎታል አይደል?»

«እንዴት አያልበኝ! ላብ ካልፈሰሰማ መች ሞቀ ይባላል? ሠራተኞቼንም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ከታች ከበሩ ጀምሮ ካፖርት አይወልቅም።»

«ላይ ደርሰው ሁለት ሰዓት ነፋስ ላይ ሲቆሙስ? ያ ላብ የት ይሄዳል?»

አለቃ ከረጢታቸውን ከፍተው ካናቴራዎቹን አዩ። ለካ ይህን አስበውት አያውቁም።

«ጥጥ ላቡን ይጠጣና እንደያዘው ይቀራል» አለች ረጋ ብላ። «እርጥብ ጨርቅ ገላዎ ላይ ተለጥፎ ሙቀትዎን ይመጠዋል። ሁለት ሲደርቡ እርጥቡ ጨርቅ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ገላ የሚነካው ልብስ ቀጭን፣ ሳያጣብቅ ልክክ የሚል፣ ላቡን ወደ ውጭ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ከላዩ የሚያሞቅ ይደረባል፣ ከዚያ በላይ ነፋስ የሚከለክል።»

«ከምን የተሠራ?»

«ከፖሊስተር ወይም ከቀጭን ሱፍ።»

«ፖሊስተር ያልሽው ያ የላስቲክ ዘመድ አይደል? ይሸታል!»

«እሱስ እውነትዎን ነው። ቶሎ ይደርቃል እንጂ ሽታ ይይዛል፤ ለሚሮጥ ሰው ጥሩ ነው። እርስዎ ግን ወጥተው ስለሚቆሙ ሱፍ ይሻልዎታል። ቢረጥብ እንኳ ሙቀት ቶሎ አይለቅም።»

«ሱፍ ያሳክካል።»

«ወፍራሙ አዎ። ይህንን ግን ይዳብሱት እስቲ» ብላ ከመደርደሪያው ቀጭን የሱፍ ልብስ አወረደችላቸው።

ዳበሱት፤ ለስላሳ ነው። ይሁን እንጂ ሽበታም ሰው በአንድ ዳሰሳ አይረታም። እንዲያውም እውነቷን መሆኑ እየታወቃቸው ሲመጣ ብሰው ድርቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ! እኔ ያን ተራራ ስወጣ አንቺ ዳዴ ትዪ ነበር።»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉን የለ፣ ጋሼ? እንግዲያው አንድ ካናቴራ ልስፋልዎ፤ ግማሹ ጥጥ፣ ግማሹ ሱፍ። ገላዎ ይፍረደን።»

አለቃ በሳቅ ፈረሱ። «እንዲያው በሞቴ፣ ያንን ለብሼ ብሞት ገናዦቹ ምን ይሉኛል?» አሉ። ግን ተስማሙ። ቀኙ ጥጥ ይሁን ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ የሥራ እጃቸውን ለሚያምኑት ጨርቅ ሰጡት። ረቡዕ ልብሱን ስታመጣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሙሉ የሱፍ ካናቴራም ቦርሳቸው ውስጥ ከተተች። «ከተረታሁ ይመልሱልኛል» አለቻቸው።

ሐሙስ እንደ ልማዳቸው ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ ከጭፍሮቻቸው ጋር ጫፍ ደረሱ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቀኝ ጎናቸውን ብርድ ያዘው። እርጥቡ እጅጌ ክንዳቸው ላይ ተለጠፈ፣ ጣቶቻቸው ደነዘዙ፣ መፍቻው አምልጦ ድንጋዩ ላይ ጮኸ። ግራ ጎናቸውስ? ምንም አልሆነም! ቀኙን ቢዳብሱት ቢጨመቅ ውሃ የሚወጣው ነው፤ ግራውን ቢዳብሱት ደረቅ ለመባል ትንሽ ነው የቀረው።

ለአንድ አፍታ ነገሩን ሊደብቁ ዳዳቸው፤ አለቃ ናቸዋ! ወዲያው ግን ባለፈው ወር ታሞ የተኛውን ገመድ ሳቢ ሠራተኛቸውን አስታወሱ። «ካፖርትህን አታውልቅ» ብለው የተቆጡት እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ አፈሩ፤ ከልባቸው አፈሩ። ከምሰሶው ሥር ካለው የማሽን ክፍል ገብተው ሙሉውን ሱፍ ለበሱ። ቀስ በቀስ ጣታቸውን ደም ዞረው፣ መፍቻው ታዘዘላቸው። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቀው በሬዲዮ «ይሰማል?» ሲሉ መሐንዲሱ ከታች «ጥርት ብሎ!» ብሎ ጮኸ።

መሐንዲሱ ብርድ ልብስ ይዞ ከተራራው ግርጌ ካለው በር ላይ ቆሟል፤ የእህታቸውም ልጅ ከጎኑ አለች። አለቃ ደረታቸውን ነፍተው፣ ፊታቸው ፈክቶ ወረዱ። ከቦርሳቸው ያንን ግማሽና ግማሽ ካናቴራ አውጥተው በሁሉም ፊት ቀኙን ጨመቁት። ውሃው ወረደ።

«ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ተራራ ስንወጣ ጥጥ ገላችንን አይነካም። ስንወጣ ሳያልበን ካፖርት እናወልቃለን፣ ስንቆም እንለብሳለን። ሱፉንም ስታጥቡ የጨርቅ ማለስለሻ እንዳይነካው፤ ላብ ማሳለፉን ያበላሽበታል። ይህቺ ልጅ አስተምራኛለች፤ ስህተቴን በቆዳዬ አይቼዋለሁ።»

መሐንዲሱ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ብብቱ ሥር አደረገና «የሚቀጥለውም ምሰሶ የእርስዎ ነው፣ አባቴ» አላቸው። ጭፍሮቹ አጨበጨቡ፣ ልጅቱም አጎቷን አንገታቸውን አቅፋ ሳመች።

እነሆ፣ በሚቀጥለው የብርድ ወራት ከጭፍሮቹ አንድም ሰው ብርድ መትቶት አልተኛም። ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ሰውም እየቀለደ ይወርዳል። አለቃ ዛሬም ከፊት ይወጣሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሸሚዙን ቁልፍ አስፈትተው ከውስጥ የለበሰውን ያያሉ፤ ጥጥ ከሆነ ቀይሮ እንዲመጣ ወደ ቤቱ ይመልሱታል።

«ተቆጥቼህ አይደለም» ይሉታል። «እኔ ሠላሳ ዓመት የፈጀብኝን አንተ ዛሬ ጠዋት እወቀው ብዬ ነው።»