ዝናሽን ለማንሳት

አያ እንግዳው ያን ዕለት ጎንደር ፒያሳ የወጡት ለሚስታቸው የአዋቂ ዳይፐር ሊገዙ ነበር። ሱቁ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ መብራት ባለ ቀንም አይሠራም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው፤ የደረጃውን ብረት እንደያዙ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ከጎንደር መተማ የጭነት ማኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ቦርጫቸው ከቀበቷቸው በላይ የወጣ ሰው ናቸው። በሰፈራቸው ያ ቦርጭ ለዓመታት እንደ ክብር ሲታይላቸው ኖሯል።

እዚያው ፎቅ ላይ ካለች አንዲት ጂም የወጣ ወጣት አገኛቸው። ኢዮስያስ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስፖርት ሳይንስ አጥንቷል፤ የመምህርነት ሥራ ፈልጎ ስላጣ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብረት ሰብስቦ የሰፈሩን ወጣቶች ያሠለጥናል። ክንዳቸውን ደግፎ ወደ ውስጥ አስገባቸው፣ ውኃ ሰጣቸው፣ የደም ግፊታቸውንም ለካ። ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ጠየቃቸው። ሲያማቸው ብቻ እንደሚወስዱ ነገሩት። ግፊት ሳያምም የሚገድል በሽታ ነውና መድኃኒቱ በየቀኑ መወሰድ እንዳለበት፣ ከመድኃኒቱም ጋር ሰውነትን ማሠራትና ምግብን መምረጥ እንደሚያስፈልግ በትሕትና አስረዳቸው። አያ እንግዳው ላብ እያንጠባጠቡ ብረት የሚያነሱትን ወጣቶች አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይኼ ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ነው» አሉ። «እኔ በጎልማሳነቴ ገደል አፋፍ ላይ የማኪና ጎማ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። የሰው ጉልበት በሥጋና በቅቤ ይመጣል፣ በዕረፍት ይጠበቃል። በዚህ ዕድሜዬ በከንቱ ላቤን የማፈስሰው ምነው?»

ኢዮስያስ አልተከራከራቸውም። ዳይፐሩ ለማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ሽማግሌውም ሳያስቡት ነገሩን ሁሉ ዘረገፉት። ዝናሽ ከሁለት ዓመት በፊት ልብስ እያጠበች ሳለ ስትሮክ መቷት ወደቀች። ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆነ፣ አንደበቷ ተዘጋ። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ብለው ወደ ቤት መለሷት። አንድ ልጅ ወልደው ነበር፤ በሕፃንነቱ ሞቶባቸዋል። ከኮላ ድባ ልታስታምም የመጣችው የእህታቸው ልጅ ሦስት ወር ቆይታ አገባችና ሄደች። አሁን የቀረችው ጎረቤታቸው ምንዳዬ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ ከመሄዷ በፊት ገባ ብላ ታግዛቸዋለች። የዝናሽ ታችኛው ጀርባ ግን ቆስሏል፤ ቁስሉም መሽተት ጀምሯል።

«በቀን ስንት ጊዜ ያገላብጧቸዋል?»

«ምንዳዬ ስትመጣ።»

«በየሁለት ሰዓቱ ነው መገላበጥ ያለባቸው።»

«ሐኪሙም ነግሮኛል» አሉ አያ እንግዳው፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «አቅም የለኝም። አንዴ ካገላበጥኳት ግማሽ ሰዓት አለከልካለሁ።»

«አያ፣ አቅም በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። በስድስት ወር ብቻዎን ሊያነሷቸው ይችላሉ። እኔ አሠራዎታለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ሚስቴ አልጋ ላይ እየበሰበሰች እኔ ቱታ ለብሼ ልዝለል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው መጥቶ አያገላብጥልዎትም።»

ይህ ንግግር አስቆጣቸው። ከአግዳሚው ተነሡና አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡለት፤ የሚለውን ሁሉ ቢያደርጉ ትድን እንደሆነ። ኢዮስያስ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም። ዝናሽ እንደማትድን፣ ቁስሏ ግን ሊድን እንደሚችል ነገራቸው። አያ እንግዳውም የማትድን ከሆነ መድከሙ ለምን እንደሆነ እንዳልገባቸው ተናግረው ወጡ። ሦስተኛውን ፎቅ ለመውጣት ስላልደፈሩ ዳይፐሩን ኢዮስያስ ሮጦ ገዝቶ ታክሲ ድረስ ሸኛቸው።

እዚህ ላይ በሽማግሌው መፍረድ አይገባም። ጤናማ ሰው በሽተኛን ስለ ማስታመም የሚያውቀው አንድ ሳምንት ስለሚፈጀው ነው። ሁለት ዓመት ሲሆን ደግነት ይሟጠጣል፤ ይህን ደግሞ ማንም ለማንም አይናገርም። አያ እንግዳው በዚያ ጊዜ ምግባቸው ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ቀን ምንዳዬ የምታመጣው፣ ማታ ደግሞ እስኪደነዝዙ አረቄ ነበር። ጓደኞቻቸው ሊጠይቁ ሲመጡ ሥጋና መጠጥ ይዘው ይመጣሉ፣ አይዞህ ይላሉ፣ ይሄዳሉ።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የፈሩት ደረሰ። ምንዳዬ ማልዳ ገበያ ሄዳለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አያ እንግዳው አንሶላ ሊቀይሩ ዝናሽን ወደ ጎን ሲስቧት ክብደቷ ወደ እሳቸው መጣ፤ መያዝ አቃታቸውና ከአልጋው ወደቀች። ሊያነሷት ሲያጎነብሱ ወገባቸው ተያዘ። ደግመው ሞከሩ፤ እሳቸውም ተንበርክከው ቀሩ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ቢጣሩ የሚሰማ የለም፤ ስልኩ ሳሎን ነው። ያገኙትን ብርድ ልብስ ጎትተው አለበሷት፣ አጠገቧም ሲሚንቶው ላይ ተጋደሙ።

ስድስት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ቆዩ። መጀመሪያ አይዞሽ ይሏት ነበር። ከዚያ ደግሞ ቁጣ መጣ፤ ለሁለት ዓመት በልባቸው ያቆዩትን ሁሉ ተናገሩ። ለምን እንደማትሞትና እንደማትገላግላቸው ጠየቋት። በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው የሚለምኑት መዳኗን ሳይሆን መሄዷን እንደሆነ ነገሯት። ከግራ ዓይኗ እንባ ወረደ። ያ ዓይን ከታመመች ጀምሮ በራሱ ጊዜ እንደሚያነባ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። መስማት አለመስማቷን አያ እንግዳው ያን ጊዜም አላወቁም፤ ከዚያ በኋላም አላወቁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምንዳዬ ከገበያ ስትመለስ አገኘቻቸውና ሰው ጠርታ አስነሳቻቸው።

ወገባቸው እስኪሻላቸው አሥር ቀን ጠበቁ። ከዚያ ደረጃውን አራት ጊዜ እያረፉ ወጥተው ጂሟ ውስጥ ገቡ። ኢዮስያስ ለምን እንደመጡ አልጠየቃቸውም።

«ምን ያህል ትመዝን ይሆን?» አሉት።

ኢዮስያስ በማግስቱ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ዝናሽን አያት፤ ሰላምታ ሰጣት፣ እጇን ይዞ ስሙን ነገራት። ሲወጣ ከሃምሳ ኪሎ እንደማትበልጥ ተናገረ። ቀጥሎም አያ እንግዳውን ያስገረማቸውን ነገር ተናገረ። ብረት እጀታ አለው፤ በሽተኛ ግን መያዣ የለውም፣ ይተጣጠፋል፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስለዚህ ብረቱን ትተው አሸዋ በሞላ ጆንያ ይሠራሉ። በአሥር ኪሎ ይጀምራሉ፤ አሸዋውን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ሃምሳ ላይ ሲደርሱ ዝናሽን ያነሳሉ።

ሥልጠናው ርኅራኄ አልነበረውም። ሐኪም አይቷቸው ግፊታቸው በመድኃኒት ዝቅ እስኪል ድረስ እርምጃ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቁጭ ብድግ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ጆንያ አቅፎ መነሳት በሳምንት አራት ቀን ሆነ። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ አስታወካቸው። ወጣቶቹ ሳቁባቸው፤ ቆይተው ግን ጆንያውን ያቀብሏቸው ጀመር። ሰፈሩ ዝናሽ ሳትሞት አእምሯቸው ተነካ ብሎ አወራባቸው።

በምግብ ላይ ክርክሩ በረታ። አያ እንግዳው ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ ጉልበት አይገኝም ብለው ጸኑ፤ ጾም ሲገባ ሥልጠናውን ማቋረጥ አለብኝም አሉ። ኢዮስያስ ግን ጾሙ ወዳጃቸው እንደሆነ ነገራቸው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመንና በሶ ሥጋ የሚሠራውን እንደሚሠሩ፣ የሚጎዳቸው ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው በአንድ የፋሲካ ቀን የሚበሉት ሥጋና ቅቤ እንደሆነ አስረዳቸው። ስኳሩን ተዉ፣ ጨው ቀነሱ። አረቄውን መተው ከሁሉ ከበዳቸው፤ ሁለት ጊዜ ተመለሱበት፣ ሁለት ጊዜ አፍረው ተናገሩ።

አንድ ቀን ጆንያው ሠላሳ ኪሎ ሲደርስ፣ አሥር ጊዜ ማንሳት ሲኖርባቸው ስድስት አንስተው ቆሙና ከዚህ በላይ እንደማይችሉ ተናገሩ።

«እግርዎ ገና አልዛለም» አላቸው ኢዮስያስ። «የዛለው ሐሳብዎ ነው። ስለቀሩት አራቱ አያስቡ። ይህቺን አንዷን ብቻ ያንሱ።»

አነሷት። ይህ ትምህርት ከጆንያው ይልቅ ለቤታቸው ጠቀማቸው። ቁስሉን ሲያጥቡ፣ ሽታው ሲከብዳቸው፣ ሰዓቱ ደርሶ ሊያገላብጧት ሲነሡ፣ የሚመጡትን ዓመታት ማሰብ ትተው የፊታቸውን አንዷን ብቻ መሥራት ለመዱ። ዝናሽ ላይ መጮሃቸው ቀረ። መቼ እንደቀረ አላስተዋሉም፤ ያስተዋለችው ምንዳዬ ናት።

ሰኔ መግቢያ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ደረታቸውን ወደ ደረቷ አስጠግተው፣ ትንፋሻቸውን እያስወጡ ዝናሽን ብቻቸውን ከአልጋ አነሱና በረንዳ ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጧት። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ሰማይ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ያየችው ነገር ያስደሰታት እንደሆነ ፊቷ አልተናገረም። ቁስሉ እየጠበበ ሄዶ ሐምሌ ላይ ተዘጋ።

በዚያው ሐምሌ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ከዚያ በኋላ ዓይኗንም አልገለጠችም። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተች። አያ እንግዳው አስከሬኗን ለገናዦቹ ከአልጋ አንስተው ሰጧቸው፤ ሌላ ሰው እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም።

አርባዋ በወጣ ማግስት የቀድሞ የሹፌርነት ጓደኛቸው አያ አለበል ከጠዳ ሊጠይቋቸው መጡ። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንተ የሚባባሉ ናቸው። አያ አለበል ለአንድ ዓመት አላዩዋቸውም ነበርና የከሳውን ፊት፣ የጠፋውን ቦርጭ ሲያዩ ደነገጡ።

«ሐዘን ጨረሰህ» አሉ። «እሷም ዐረፈች፣ አንተም ዕረፍ እንጂ። ብላ፣ ጠጣ፣ ተኛ።»

አያ እንግዳው ያከሳቸው ሐዘን እንዳልሆነ ነገሯቸውና የዓመቱን ታሪክ ከመጀመሪያው አወሩላቸው። አያ አለበል አዳምጠው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያ ሁሉ ልፋት ታዲያ ምን አመጣ? ሞተች አይደል?»

«ሞተች። እንደማትድን ልጁም በመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል። ግን ቆስላ አልሞተችም፣ አለበል። ገናዦቹ አይተዋል። ግፊቴ ወርዷል፤ መድኃኒቴንም በየቀኑ እውጣለሁ። ያለ አረቄ እተኛለሁ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ደግሞ ሌላ ነው። ድሮ ስደክም ክፉ እሆንባት ነበር። አፌ ያወጣው ነገር አለ፣ ለአንተም አልነግርህም። ጉልበቴ ሲመለስ ግን ክፋቱ ቀነሰ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት እንደ ባል ይዣታለሁ። ቀደም ብዬ ጀምሬው ቢሆን ኖሮ ሁለት ዓመት ተኩሉን ሁሉ እንደዚያ እይዛት ነበር። ይኼ ያቃጥለኛል፤ እስክሞት ያቃጥለኛል።»

አያ አለበል ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። «አሁንስ ለማን ብለህ ትሠራለህ? የምታነሳው ሰው የለም።»

«የማነሳው የለም» አሉ አያ እንግዳው። «የሚያነሳኝም የለም። ስለዚህ መውደቅ አልችልም።»

ጊዜው ረፍዷል፤ አያ አለበል ሊሄዱ ከዝቅተኛው በርጩማ ለመነሳት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተጫኑ፤ መልሰው ተቀመጡ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም አልሆነም። አያ እንግዳው እጃቸውን አልዘረጉላቸውም። እግራቸውን ወደ ኋላ እንዲስቡ፣ ደረታቸውን ወደ ፊት እንዲያደርጉ፣ ሲነሡ ትንፋሻቸውን እንዲያስወጡ ብቻ ነገሯቸው። በሦስተኛው ተነሡ። ቆመው ትንሽ አለከለኩ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ወደ ጂሟ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሄዱ ጠየቋቸው።

«ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ተኩል» አሉ አያ እንግዳው።

ሰኞ ማለዳ ሁለቱም ጂሟ ውስጥ ነበሩ። አያ አለበል እንደ ማንኛውም ጀማሪ ዙሪያውን ብቻ እንዲራመዱ ተፈቀደላቸው። አያ እንግዳው ከዝናሽ ሞት ወዲህ ሌላውን ሁሉ ሲሠሩ ቢቆዩም ጆንያውን ሲያቅፉ የመጀመሪያቸው ነበር። ሰባተኛው ላይ እንባቸው መጣ። አያ አለበል እርምጃቸውን አቁመው ሊይዟቸው ሲራመዱ ኢዮስያስ እጁን አንስቶ ከለከላቸው። አያ እንግዳው እንባቸውን ሳይጠርጉ ስምንተኛውን አነሱ፣ ዘጠነኛውን አነሱ፣ አሥረኛውን አነሱ። ከዚያ ጆንያውን ቀስ ብለው፣ ሰው እንደሚያስተኙ፣ መሬት ላይ አሳረፉት።