መቀነት የሸፈነው ሆድ

በኛ ጊዜማ፣ ብርቱካን ልጄ፣ የሴት ሆድ የራሷ አልነበረም፤ አማትም፣ ጎረቤትም፣ ምንጭ የወረደችውም ሁሉ አይታ ትፈርድበት ነበር። ምነው ተሸፋፈንሽ? ሆዴ አልገባ አለ ብለሽ ታለቅሻለሽ አሉ። ልጅሽን እያጠባሽ ስሚኝማ።

ጣሊያን ወጥቶ ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ ነው፣ ከጎንደር በላይ ኮሶዬ ላይ መንታ ወለድሁ። ሁለቱም ወንድ፣ ሁለቱም ሸጋ። ታዲያ አያትሽ ታከለ፣ ገና አራስ ሳለሁ፣ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ ሰቲት ቆላ ወረደ፣ እና እኔ ከናቱ ከእመት የሺ ጋር ቀረሁ። እመት የሺ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፣ ሲቆጡ ውሻው ሳይቀር ከግቢ ይወጣ ነበር። ክርስትናው አለፈ፣ ወር መጣ ወር ሄደ፣ እና ሆዴ አልጎደለም። ወፍጮ ላይ ስጎነበስ፣ እንስራ ስሸከም እውልና፣ ሲመሽ ይነፋል። ከመደብ ብድግ ስል ደግሞ መሐል ለመሐል ሸንተረር ሆኖ ይወጣል። ፈራሁ፣ ልጄ። መቀነቴን አጥብቄ እታጠቃለሁ፣ እሱ ከሥር ይገፋል።

ታዲያ አንድ ጧት ምንጭ ላይ አንዲት ጎረቤታችን፣ "አንጓች፣ ደገምሽ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ገባ። እመት የሺ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"የማን ነው?"

"ምኑ፣ እሜቴ?"

"ሆድሽ ነዋ! ልጄ ያለው ሰቲት። አራስ ጥሎ የሄደ ሰው በንፋስ አያስረግዝም!"

"በኪዳነ ምሕረት፣ እሜቴ፣ ወንድ አልቀረበኝም።"

"ስሟን አትጥሪ! ልጄ ሳይመጣ ወደ አባትሽ ቤት ትሄጃለሽ። ልጆቹ የልጄ ናቸው፣ እዚህ ይቀራሉ።"

ልጆቹ ይቀራሉ አሉኝ! ጡት ያልጣሉ ልጆች! እግራቸው ላይ ወደቅሁ፣ እና "ከሐኪም ፊት አቁሙኝ፣ እሜቴ፤ እርጉዝ ናት ካሉ እዚያው ልጆቼን አስረክቤ እሄዳለሁ" አልሁ። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። እሳቸውም፣ "በጆሮዬ እሰማዋለሁ!" አሉ።

በነጋታው ከደባርቅ በመጣ የጭነት ማኪና ተሳፈርን፣ እኔ አንዱን ልጅ፣ እሳቸው አንዱን አቅፈው። እስከ ጎንደር መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ሆዴን በእጄ ደገፍ አደርጋለሁ፣ እሳቸው ያዩኝና ፊታቸውን ያዞራሉ። ለፅንሱ ሳሳች ብለው እኮ ነው! እና የያዙትን ልጅ ጥብቅ ያደርጉታል።

ሐኪም ቤት አንዲት ወጣት ነርስ አስገባችን። አማቴ ቀደሙና፣ "ይችን እዪልኝ፣ ስንት ወሯ ነው?" አሉ። ነርሷ ሆዴን ዳበሰች፣ አዳመጠች። ታዲያ "በጀርባሽ እንደተኛሽ ጉልበትሽን እጠፊ፤ አሁን ራስሽን ብቻ ቀና አድርጊ" አለችኝ። ቀና ስል ያ ሸንተረር ብቅ አለ፣ እና ጣቶቿን ከእምብርቴ በላይ ብታሳርፍ ስርጉድ ብለው ገቡ!

"እርግዝና የለም" አለች። "መንታው ሲገፋው የሆዷ ጡንቻ ግራና ቀኝ ተላቅቆ መሐሉ ተከፍቷል። ሳይገጥም ወፍጮና እንስራ ጨመራችሁበት።"

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ?" አሉ አማቴ።

"እንግዲያው እጅዎን ያምጡ" አለችና እጃቸውን ሆዴ ላይ አሳረፈችው። ቀና አልሁ። የእመት የሺ ጣቶች ገቡ፣ እና እዚያው ቀሩ። አያወጡም። አንገቴ ዝሎ ሊወድቅ ነው፣ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "በሩን ዝጊው" አሉ።

እና ልጄ፣ ያን ሰፊ መቀነታቸውን፣ አንድም ቀን ተፈትቶ ያላየሁትን፣ መፍታት ጀመሩ። ፈቱ ፈቱና ከጎኔ ጋደም ብለው ራሳቸውን ቀና አደረጉ። የሳቸውማ ከኔ ይብሳል!

"ታከለን ከወለድሁ ወዲህ እንዲህ ነኝ" አሉ፣ ጣራ ጣራውን እያዩ። "ቁጣ የወረደብኝ መስሎኝ ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁ። ባሌ እንኳ እንዳያየው ታጥቄ እተኛ ነበር።" እንባቸው ወረደ፣ እኔም አለቀስሁ፣ ልጆቹም አለቀሱ፣ ነርሷ ማንን ታባብል!

ታዲያ መከረችን። ስትነሱ በጎን ዞራችሁ ነው፣ በአንዴ ብድግ የለም። ትንፋሽ እያወጣችሁ እምብርታችሁን ወደ ጀርባ ሳብ፣ ደግሞ ሳብ። መቀነቱ ይደግፍ እንጂ አይነቅ። ወፍጮና እንስራ እስኪበረታ ድረስ እርም። "የእርስዎ ቆይቷል፣ ላይገጥም ይችላል፣ ግን ይበረታል" አለቻቸው አማቴን።

ኮሶዬ ስንገባ እመት የሺ ያችን ምንጭ ላይ የሳቀችውን ጎረቤት አስጠሩና፣ "በይ፣ የሳቅሽበትን እህል ፍጪ!" አሏት። ፈጨች! ውኃውን ደግሞ በየተራ ጎረቤት እያመጣልን፣ ታከለ ከሰቲት መጣ። እናቱ በር ላይ እንስራ ይዘው ጠበቁት።

"ሂድ ውኃ ቅዳ።"

"ምነው እናቴ፣ ወንድ ውኃ ይቀዳል? ሰው ምን ይለኛል?"

"የኔን ሆድ የከፈትኸው አንተ፣ የሷን የከፈቱት ያንተ ልጆች! ውኃው ከእንግዲህ ያንተ ነው!"

ሰው እንዳያየው ጎህ ሳይቀድ አህያውን እየነዳ ይወርዳል፤ አገር ምድሩ ግን ያየው ነበር። ቆይቶ የኔ ገጠመ። የእመት የሺ አልገጠመም፣ ግን እስኪሞቱ ድረስ እኔ ፊት መቀነታቸውን ፈትተው ይቀመጡ ነበር። እኔ ፊት ብቻ።

በይ እስቲ፣ ይሄን ሁሉ ጀሪካን ማን ነው የሚያነሳው?

"እኔ ነኛ፣ እማማ።"

ባልሽስ? ጥሪልኝማ!

"ምን እጠራዋለሁ፣ እማማ፤ በር ላይ ሆኖ ሲሰማሽ ነበር። አሁን ጀሪካኑን ይዞ ወጣ።"