በረንዳውን የጠረገው ነፋስ

በእኛ ጊዜ ስላችሁ የጃንሆይን ዘመን የማወራ እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ ቶሮንቶ፣ እዚሁ ማርካም ጫፍ፣ ይሄ ሁሉ ቤትና ፕላዛ ሳይበቅል በፊት የነበረውን ነው የእኛ ጊዜ የምለው። አሁን እናንተ በመኪና ሽር ብላችሁ መጥታችሁ፣ “እማማ ብርቄ፣ ሰፈራችሁ እንዴት ያምራል!” ትላላችሁ። ምን ታውቃላችሁ! እኔ ስመጣ ከመንገዱ ወዲያ በቆሎ ነበር፣ በቆሎ ብቻ። ልጄ ጽጌና ባሏ፣ “እማዬ፣ የራሳችንን ቤት ገዛን፣ ከእንግዲህ ሊፍት መጠበቅ ቀረ” ብለው ከሴንት ጄምስ ታውን፣ ከአሥራ ሰባተኛ ፎቅ አውርደው ሲያመጡኝ፣ መኪናው ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና በቆሎ ዳር ቆመ።

“ይሄ ነው እንዴ?” አልኩ።

“ይሄ ነው።”

“ታዲያ ሰው የታለ?”

“ሰው ይመጣል እማዬ፣ ታሚሎች እየገዙ ነው፣ በሁለት ዓመት ከተማ ይሆናል” አለችኝ። ታሚል ምን እንደሆነ የት አውቄ፣ የዕቃ ስም መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከሩቅ ደሴት የተሰደዱ ሰዎች ናቸው።

እና መጡ! አመጣጣቸውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አንድ ሱቅ ተከፈተ፣ እዚያ ጥጉ ላይ፣ ሩዝና የደረቀ ዓሣ የሚሸጥ፣ ሽታው ገና ከባስ ስትወርዱ ነው የሚቀበላችሁ። ከሱቁ ጎን ሳሪ የሚሉትን የሴቶቻቸውን ልብስ የሚሸጥ፣ ከሳሪው ጎን ወርቅ ቤት፣ ከወርቅ ቤቱ ጎን የሰርግ ፎቶ የሚያነሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን ለተማሪ ሒሳብ የሚያስጠና። ልብ በሉልኝ፣ ሒሳብ የሚያስጠናው ከዳቦ ቤቱ ቀድሞ ነው የተከፈተው! እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ልጁ ከስኩል ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ ወደ ዋና፣ ልጅቷ ከስኩል ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ እግሯ ላይ ቃጭል አስራ ወደ ዳንስ። አባትየው ሁለት ሥራ፣ እናትየው ሁለት ሥራ። ቀጥሎ ቤተ መቅደሳቸው ተሠራ፣ ጣሪያው ላይ ስንትና ስንት ምስል የተደረደረበት፣ በረዶ ሲወርድበት ምስሎቹ ሁሉ ነጠላ የለበሱ ነው የሚመስሉት። በቆሎው በየዓመቱ እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ አሁን በቆሎ ማየት ብትፈልጉ ግማሽ ሰዓት መንዳት ነው።

የከተማው እንዲህ ነው። የእኔና የከተማው ነገር ግን ያለቀው በረንዳው ላይ ነው።

ቤታችን ሰሚ ነው፣ አይታችሁት የለ? ሁለት ቤት በአንድ ግድግዳ ተጣብቆ፣ ሁለት በር ጎን ለጎን፣ በረንዳው ግን አንድ። አንደኛው በር የእኛ፣ ሌላው የራሳማ። ራሳማ እኩያዬ ናት፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን እንደ ገመድ ገምዳ ወደ ኋላ የምትጥል፣ ከልጇና ከምራቷ ከሱጊ ጋር የምትኖር። ታዲያ እኔ ቀድሜ ሰላም አልላትም። ለምን እላለሁ? እንግዳ እሷ፣ ባለቤት እኔ፣ በሁለት ወር ቀድሜ የገባሁ! እሷም እንደኔው ኩሩ ናት፣ ዓይኗን ሰብራ ታልፋለች። እንዲህ ሆነን ክረምቱን ከረምን።

በረዶው ሲቀልጥ፣ አንድ ማለዳ በሬን ብከፍት፣ ምን ባይ ጥሩ ነው? ዱቄት! ነጭ ዱቄት፣ መሬቱ ላይ በነጠብጣብ በነጠብጣብ ተደርጎ፣ በነጠብጣቡ ዙሪያ መስመር እንደ ሐረግ ተጠማዞ፣ ጫፉ የት ደረሰ? እኔ በር ድረስ!

“በስመአብ! ጽጌ! ጽጌ! ነይ ውጪ፣ ደገሙብን!”

ጽጌ የሥራ ልብሷን እየቆለፈች ወጣች። “ምንድነው እማዬ?”

“ዓይንሽ የለም? መተት ነው፣ በራችን ላይ ነስንሰውት!”

“እማዬ፣ ዲኮሬሽን እኮ ነው።”

“ዲኮሬሽን በዱቄት? ዲኮሬሽን ወደ ሰው በር? አንቺ ካናዳ አጃጅሎሻል!”

እና መጥረጊያዬን አንስቼ ጥርግ! ጸበሌን አምጥቼ ርጭት! በማግስቱ በሬን ስከፍት ሌላ፣ ከትናንቱ የሰፋ። ጥርግ፣ ርጭት። በሦስተኛው ቀን እንደገና። እሷ ትነሰንሳለች፣ እኔ እጠርጋለሁ፣ እሷ ትነሰንሳለች፣ እኔ እጠርጋለሁ፣ ጸበሉ አለቀና ከቤተ ክርስቲያን በሁለት ጀሪካን አስመጣሁ። እልኸኛ ናት፣ ግን እልህ ከእኔ ትወስዳለች? በመጨረሻ ጽጌን አስቀምጬ፣ “ስሚ፣ ወይ ቤቱን ሽጡ፣ ወይ እኔን ወደ ፎቄ መልሱኝ። መተት እየረገጥኩ አልኖርም” አልኳት።

“እማዬ፣ ይሄን ቤት ለማግኘት እኮ አንቺ ፎቅ ላይ ስትኖሪ እኛ ስንት ዓመት ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ኖረናል።”

“እኔን ወይ ቤቱን!”

ልጄ አለቀሰች። አዎ፣ አስለቀስኳት፣ ልዋሻችሁ አልችልም። “እሺ፣ እስከ መስከረም ታገሺኝ፣ እንሸጠዋለን” አለች።

ታዲያ በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ በሬን ስከፍት ዱቄት የለም። በማግስቱም የለም። በሦስተኛውም የለም። ጸበሉ ያዛት! እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለሴቶቹ፣ “አስቆምኳት!” ብዬ ደረቴን ነፍቼ አወራሁ፣ እነሱም እልል አሉልኝ። እልል አሉልኝ እኮ ነው የምላችሁ።

በአምስተኛው ቀን በሬን ስከፍት ጫማ። በረንዳው ሙሉ ጫማ፣ የወንድ፣ የሴት፣ እስከ ደረጃው ድረስ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ማን ይንገረኝ? ለቅሶ ቤት ነው፣ ጠፍቶኝ ነው? ቆሜ ቀረሁ። ጽጌ ሱጊን በር ላይ አግኝታ ጠየቀቻት። አገራቸው ጦርነት ነበር፣ የራሳማ ታናሽ ልጅ እዚያ ቀርቶ ኖሯል፣ መርዶው ዱቄቱ የቀረ ለት መጥቶ፣ ሰው የሰማው ገና ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ለቅሶ ላይ ኩርፊያ የለም፣ እኔ እንደዚያ ነው ያደግሁት። ጠላትም ቢሆን ይደረሳል። ቅቤ ያልነካው ምስር ወጥ ሠራሁ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጽጌን አስከትዬ፣ ጫማዬን ከጫማቸው አጠገብ አውልቄ ገባሁ። ራሳማ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የልጁ ፎቶ አበባ ተደርጎበት፣ ፊቱ መብራት በርቶ። ቤታቸው እሳት አይነድም፣ የሚበላው ከጎረቤት ነው የሚመጣው አሉኝ። “ይሄማ የኛው ነው!” አልኩና አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ እንዴት እንደታጠፈልኝ እግዜር ይወቅ። እሷ በቋንቋዋ አለቀሰች፣ እኔም የሞተብኝን ወንድሜን አንስቼ በቋንቋዬ አለቀስኩ፣ እና እጄን ያዘችኝ፣ አልለቀቀችኝም።

ሰው ጋብ ሲል ለጽጌ፣ “እስቲ ሱጊን ጠይቂያት፣ ያንን ዱቄት ለምን ተወችው በያት” አልኳት።

ሱጊ ነገረቻት፣ ጽጌ ነገረችኝ። “የሩዝ ዱቄት ነው። በረከት ወደ ቤት እንዲገባ በየማለዳው ይሣላል፣ ጉንዳንና ወፍም ይበላዋል። ሞት የገባበት ቤት ግን አይሥልም።”

“ታዲያ እኔ በር ድረስ ምን አመጣው?”

“በረንዳው አንድ ስለሆነ፣ ግማሹ በረከት የእናንተ ነው ትላለች።”

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ “የምጠርገው እኔ መሆኔን ታውቃለች?” አልኩ።

ሱጊ አቀረቀረች። “እኔ ተናድጄ ላናግራችሁ ስል፣ ‘ተይ፣ ነፋስ ነው የሚጠርገው’ ትለኝ ነበር። ‘አማ፣ እናቴ፣ ነፋስ መጥረጊያ ይይዛል እንዴ?’ ስላት፣ ‘የካናዳ ነፋስ ይይዛል’ አለችኝ።”

አያችሁ? ልጇ ጦርነት መሃል ሆኖ፣ በየማለዳው በረከት ትለምናለች፣ እኔ በየማለዳው እጠርግባታለሁ፣ እሷ ደግሞ ለእኔ ነፋስ ትፈጥርልኛለች።

መስከረም ሲደርስ ጽጌ ፈራ ተባ እያለች፣ “እማዬ፣ ቤቱን ለሚሸጥልን ሰውዬ ኮል ላድርግለት?” አለችኝ።

“የቱን ቤት?”

“ይሄንን ነዋ! አንቺ አይደለሽ ሽጡ ያልሽው?”

“እኔ? መቼ ወጣኝ?” አልኳት። ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች፣ እኔ እንጃ፣ ፊቴን አዙሬ ገባሁ።

ግን በረንዳው ባዶውን ቀረ። የሐዘኑ ጊዜ አለቀ፣ ዓመቱ ዞረ፣ ሌላው ታሚል ሁሉ በየበሩ ሣለ፣ ራሳማ እምቢ አለች። ወንበር አውጥታ ቁጭ ትላለች፣ ባዶውን መሬት ታያለች። ሱጊ ብትለምናት እምቢ፣ ልጇ ቢቆጣ እምቢ። እኔ በመስኮት አያታለሁ። ያቺን በረንዳ ያኔ ስንት ቀን ባዶ አድርጌያታለሁ፣ አሁን ባዶነቷ አላስቀምጥ አለኝ።

ታዲያ አንድ ማለዳ ተነሳሁ። ከጥጉ ሱቅ የሩዝ ዱቄት ገዝቼ ደብቄ ነበር። በረንዳውን ጥርግ፣ ውሃ ርጭት አደረግሁ፣ ተራ ውሃ ነው፣ ጸበል አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ጎንበስ ብዬ ነጠብጣቡን ጀመርኩ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ መስመሩን ባዞረው ባዞረው ዶሮ የጫረችው መሰለ። እሷ በር ድረስ ወሰድኩት። በሩ ተከፈተ።

ራሳማ ዱቄቱን አየች። መጥረጊያዬን አየች። እኔን አየች። ጉዴ ፈላ አልኩ፣ ሃይማኖቷን ነካሁባት፣ አሁን ታባርረኛለች። እሷ ግን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እጇን አውጥታ አየሩን እንዲህ፣ እንዲህ እያገላበጠች ሞከረችው፣ ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ መንገዱ አየች፣ ከዚያ፣

“ማማ፣ ቱዴይ ኖ ዊንድ?” አለችኝ።

“ኖ ዊንድ!” አልኳት፣ “ፊኒሽ ዊንድ! ፊኒሽ!”

ሳቀች! በዓመቷ ሳቀች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ በሳሪዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ ሥዕሌን እያየች ሳቀች። ከዚያ ዱቄቱን ከእጄ ተቀበለችኝና የጠመመውን መስመር አቃናችው።

“እማማ ብርቄ፣ የነፍስ አባትዎ ምን አሉ?” አልሽኝ አንቺ ደግሞ?

እኔ ነጠብጣቡን ብቻ ነው የማስቀምጠው፣ መስመሩን እሷ ናት የምታዞረው። ነጠብጣብ ምን ሃይማኖት አለው?

“እሺ ይቅርታስ ጠየቋት?”

እኔ? ይቅርታ? ኧረ ወዲያ! ይልቅ ዛሬ በረንዳውን ማን ጠርጎ ውሃ እንደሚረጭላት ማለዳ መጥተሽ እይ። ነፋስ እንዳይመስልሽ!