ዶን ኤልፒዲዮ ያላንኳኩት ምሰሶ

ዶን ኤልፒዲዮ አህያቸውን የኮኮናት ልጣጭ ጭነው ሲነዱ፣ ከአውቶቡስ ከወረደችው ከዳማሪስ ጋር ድልድዩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ዳማሪስ ክርስትና ያነሷት ልጅ ናት፤ ሳንቶ ዶሚንጎ ሦስት ዓመት እርሻ ተምራ መመለሷ ነበር።

«ይመርቁኝ፣ አባባ!» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ።

«እግዜር ይባርክሽ! ምነው ከሳሽ? ከተማው ሩዝና ባቄላ የለውም እንዴ?»

«አለው፤ የእርስዎን ቤት አያክልም እንጂ። ይሄ ሁሉ ልጣጭ ለምንድነው?»

«ለበዓሉ ነዋ! ሦስት ዓመት ይህን ያስረሳል?»

በፓልማር ሴኮ መንደር የቅዱስ ራፋኤል በዓል ሲቃረብ የየቤቱ ዙሪያ በኮኮናት ልጣጭ ይነጠፋል። ጭቃው እግር አይዝም፣ ግቢውም ቀይ ምንጣፍ የለበሰ ይመስላል። ከሁሉ የሚያምረው የዶን ኤልፒዲዮ ነበር፤ ልጣጩን እስከ ግድግዳው ሳንቃ ድረስ መከመር የጀመሩት ሟች ባለቤታቸው ዶኛ ኢሳውራ ናቸውና።

ግቢው ሲደርሱ ዳማሪስ ሰማያዊውን የእንጨት ቤት ዞራ አየችና ጎንበስ ብላ ግድግዳውን የተደገፈውን ልጣጭ ዳሰሰች። ነገሩ አልጣማቸውም።

«ምነው? የተማረ ዓይን አልወደደውም?»

«ማማሩንስ ያምራል። ግን እርጥብ ልጣጭ እንጨት ላይ ተደግፎ ከከረመ ለምስጥ ድግስ ነው፤ ቀለቡም መሸሸጊያውም ባንድ ቦታ።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «አርባ ዓመት አናጢ ሆኜ ምስጥን አንቺ ታስተምሪኝ? ያ አውሎ ነፋስ የመንደሩን ጣራ ሁሉ ሲጠርግ ይሄ ቤት አሥራ ዘጠኝ ሰው አስጠልሎ ቆሞ አደረ። አንቺም በእናትሽ ሆድ ሆነሽ እዚሁ ነበርሽ!»

«ስለማውቅ እኮ ነው የምከራከርዎት። ነፋስ ጮኾ ነው የሚመጣው፤ ምስጥ ግን ድምፅ የለውም።»

«ንጣፉ የኢሳውራ ነው» አሉ ድምፃቸው ከበድ ብሎ። «እሱን ማንሳት እሷን ሁለተኛ መቅበር ነው።»

ዳማሪስ ደነገጠች፤ ግን አላፈገፈገችም። «አባባ፣ የሰው ቤት ሊጠግኑ ሲሄዱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ምሰሶውን አንኳኳለኋ። ጤነኛ እንጨት ይጮኻል፤ የታመመ ድምፁ ይታፈናል።»

«የራስዎንስ መቼ አንኳኩ?»

የአገሩን ቤት በጣታቸው የመረመሩት አናጢ፣ «እኔ የሠራሁት ምን ይሆናል» ብለው የገዛ ቤታቸውን አንድ ቀን አንኳኩተው አያውቁም። ኩራት ደግ ነገር ነው፤ ዓይንን ሲጋርድ ግን ባለቤቱን ይጎዳል።

«ነይ ስሚ!» ብለው የበረንዳውን ምሰሶ መቱት። ጮኸ። ሁለተኛውም ጮኸ። ልጣጩ ከሁሉ በላይ ወደተከመረበት ወደ ኩሽናው ጥግ ሄደው ሲመቱ ግን ድምፁ ታፈነ። ደግመው መቱት። ከዚያ ተንበርክከው ልጣጩን ገለጥ ቢያደርጉት፣ ጣት የማታህል የምስጥ የጭቃ መንገድ ምሰሶውን ይዛ ወደ ላይ ወጥታለች። አውራ ጣታቸውን ጫን ሲያደርጉት እንጨቱ ውስጥ ገባ።

«ላዩ ሰማያዊ፣ ውስጡን ለቄስ!» አሉ ጣታቸውን እያራገፉ። «ኢሳውራ ብታይ ታፍርብኝ ነበር።»

«አያፍሩብዎትም። የተበላው አንድ ምሰሶ ነው፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ?»

«እሺ፣ ታዲያ ምን ይነጠፍ?»

«ከግድግዳው ክንድ ያህል ድረስ የታጠበ የወንዝ ጠጠር። ጠጠር መድኃኒት አይደለም፤ ግን አይበላም፣ ውሃ አይቋጥርም፣ ምስጡ መንገድ ሲጠርግም ያጋልጠዋል። ከዚያ ወዲያ መሬት ለመሬት የሚሳበውን ባለ ቢጫ አበባ ተክል ይትከሉ፤ ግድግዳውን እንዳይነካ ይከርክሙት። ልጣጩ ደግሞ ከቤቱ ርቆ ከሙዙ ሥር ይነጠፍ፤ እዚያ ይጠቅማል።»

«ሙዙን የተከለችው ኢሳውራ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያው ንጣፏ ከእሷው ጋር ይሁን።»

ምሰሶውን በገዛ እጃቸው ለወጡት። የበዓሉ ዕለት ቀዩን ምንጣፍ የጠበቀው እንግዳ ነጭ ጠጠር ሲያይ ማንሾካሾክ ጀመረ። ዶን ኤልፒዲዮ በተተኮሰ ሸሚዛቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ማንንም አላስገቡም። «መጀመሪያ አንኳኩ! በሩን አይደለም፣ ምሰሶውን!» ምሰሶው ጮኸ። ያን ሳምንት ጎረቤቱ ሁሉ የየቤቱን ልጣጭ ገለጠ፤ ሦስት ቤት ሳይወድቅ ተደረሰለት።

ማን መከረዎት ሲሏቸው ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ። «ክርስትና ያነሣኋት ልጅ ናት። ሳትወለድ ይሄ ቤት አስጠልሏት ነበር፤ አድጋ ውለታውን መለሰች።»