ትልልቆቹ የት ነው የሚሰለፉት?

ባልደረቦቼ፣ የእትዬ ብዙነሽ ቤተሰቦች፣ ዛሬ በጡረታ ሽኝታቸው ላይ እንድናገር የተመረጥኩት አንደበቴ አምሮ አይደለም። እትዬ ብዙነሽ እዚህ የገቢዎች ቅርንጫፍ የመጡ ዕለት መጀመሪያ ያነጋገርኳቸው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ያኔ የምሠራው ግብር መክፈያው መስኮት ላይ ነበር። ወቅቱ የግብር ነው፣ ሰልፉ ከግቢ ወጥቶ አስፋልቱ ጋ ደርሷል። አንዲት ሴት ዣንጥላ ተደግፈው ተራቸው ደረሰ።

«እናቴ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን።»

«የለኝም።»

«ያለ እሱ አላስተናግድዎትም።»

«ግድ የለም። እኔ አዲሷ የግብር ውሳኔ ቡድን መሪ ነኝ። ዘበኛው ሰልፍ ይያዙ አለኝ፣ ያዝኩ።»

እኔ ወንበር ፍለጋ ስሯሯጥ እሳቸው ዞረው ሰልፉን ያያሉ። «ከፊቴ ሻይ ቤት ያላት ሴት፣ ከኋላዬ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ትልልቆቹ የት ነው የሚሰለፉት?» አሉኝ።

«እነሱ ሰው ነው የሚልኩት።»

«እንግዲያው እኛ እንሄድላቸዋለን» አሉ።

አብሯቸው ታክሲ የተሳፈረ ያውቃል፤ አዲስ ፎቅ ባዩ ቁጥር አንገታቸው ይዞራል። «ያምራል አይደል?» ስንላቸው «ያምራል፤ ባለቤቱ ኪራዩን ስንት ብሎ አሳውቋል?» ነው መልሳቸው። የባልደረባችን የዱሬቲ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ እሳቸው የአዳራሹን ባለቤት ጥግ ይዘው ደረሰኝ ይጠይቁ ነበር። ዱሬቲ፣ አትሳቂ፤ ሰጠ አይደል?

አሁን የአንድ ሰው ነገር ላውራ። የግብር ከፋይ ምስጢር ነውና እትዬ ብዙነሽ እንዳይቆጡኝ አቶ ዳባ ልበላቸው። ቀራንዮ በኩል ብዙ ሕንፃ አላቸው፤ ያሳወቁት ኪራይ ግን የአንዱን ያህል እንኳ አይሞላም። አንድ ዓመት ቅርንጫፉ ከዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር፣ ስብሰባ ላይ የትናንሽ ነጋዴዎች የግብር ግምት ከፍ ይበል ተባለ። እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን አወጡ።

«ሻይ ቤቷ ላይ የምንጨምረው ከልጇ ምሳ ላይ ነው የሚቀነሰው። እሷ ያገኘችውን እዚሁ ሰፈር ነው የምታወጣው። ስኳር ትገዛለች፣ ጫማ ታሰፋለች። እሷ መግዛት ስታቆም ጎረቤቷም ይዘጋል። መጀመሪያ ፎቆቹን እንይ።»

የዚያን ጊዜ አለቃችን «ሰውየው ከባድ ናቸው» አሏቸው።

«እኔም ቀላል አይደለሁም።»

ቡድናቸውን ይዘው ከሕንፃ ሕንፃ ዞሩ፣ ተከራዮቹን አነጋገሩ፣ ግብሩን እንደ አዲስ ወሰኑ። አቶ ዳባ አቤት አሉ። እትዬ ብዙነሽም ጉዳዩ እስኪጣራ ተብለው መዝገብ ቤት ተወረወሩ። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ «አይፈሩም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እፈራለሁ እንጂ፣ ልጆች አሉኝ። ግን ያየሁትን አላየሁም ማለት አልችልም።»

ይግባኙ ታየ፣ ውሳኔያቸው ፀና፣ እሳቸውም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አቶ ዳባ ከፈሉ።

ከጊዜ በኋላ አቶ ዳባ ቢሮ መጥተው «ገንዘቤን የት አደረሳችሁት?» አሉ። እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አንስተው «ይምጡ» አሏቸው። እኔም ተከተልኩ። የወሰዷቸው ሕንፃዎቻቸው ያሉበት ሰፈር ውስጥ ወዳለው ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆቹ ከግብር በሚወጣ ገንዘብ የሚቀርብላቸውን ምሳ እየበሉ ነበር፣ የሚያበስሉት የሰፈሩ እናቶች ናቸው።

«የእርስዎ ብር ይቺ ናት ብዬ መማል አልችልም፤ ከሁሉም ጋር ተቀላቅላለች» አሏቸው። «ግን እነዚህ ሴቶች ደመወዝ ሲቀበሉ የሚሸምቱት እርስዎ ሕንፃ ሥር ካሉት ሱቆች ነው።»

አቶ ዳባ ወደ ልጆቹ ጠጋ አሉ። «ባዶ የነበሩት ሱቆቼ ዘንድሮ ተከራይ አገኙ» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ተገኘ ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

አመሰገኑ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም ስለ ግብር ያማርራሉ፤ ግን በትክክል ያሳውቃሉ።

እትዬ ብዙነሽ፣ እኔ ድሮ ሥራዬን ስጠየቅ «መንግሥት ቤት ነኝ» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን «ግብር ሰብሳቢ ነኝ» እላለሁ፣ ቀና ብዬ። ይህን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ባለፈው ስብሰባ ራህማ፣ ከሁላችንም ታናሿ፣ አለቆች ፊት ተነሥታ አንድ ትልቅ አስመጪ ግብሩን በትክክል ይክፈል ብላ ስትከራከር ሰማኋት። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ቁጭ ግን አላለችም። ያኔ ሥራው ተረካቢ ሰው እንዳለው ገባኝ።

ለስላሳም ይሁን ውሃ፣ የያዛችሁትን አንሡ። ጉልበትዎ ይጽና፣ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር እንደልብዎ ይዘምሩ፣ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅስዎ ይተኙ። የደከሙለት ሰፈር ሲጠግብ ለማየት ያብቃዎት። ለእትዬ ብዙነሽ!